በጀበል የቤትና የቦታ ገበያ፤ ለገዥም ለሻጭም የሚያስፈልግ ማብራሪያ

ከጁባ መካከል ተነሥቶ የዬይን መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ብዙ ሳይርቅ ድንጋያማው የኩጁር ተራራ ከፊቱ ይታየዋል። ጀበል የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተራራ ነው፤ ቃሉ በዐረብኛ ተራራ ማለት ነውና። ከተራራው ግርጌ ሴቶች ድንጋይ እየፈለጡ ጠጠር ሲያደርጉ ይውላሉ፤ ያም ጠጠር በመኪና እየተጫነ በከተማው ለሚሠሩት ቤቶች መሠረትና ወለል ይሆናል። በዚህ ሰፈር ቤት ለመግዛት ወይም ለመሸጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው እርሱ አይደለም። በጀበል የሚሸጠው ከግድግዳውና ከቆርቆሮው ይልቅ ቦታውን የሚያስይዘው መብት ስለ ሆነ፣ ዋጋውን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውም የመብቱ ጽናት ነው። ሰነዱ የተጣራ ባዶ ቦታ፣ ሰነድ የሌለው የግንብ ቤት ካረፈበት ቦታ ይልቅ ቢፈለግ ሊያስደንቅ አይገባም።

የገበያውን ጠባይ ለመረዳት የከተማውን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ በታች ስለ ደቡብ ሱዳን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጁባ የዛሬውን የከተማነት መልክ መያዝ የጀመረችው በ1920ዎቹ፣ በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ዘመን ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ የድንጋይ ቤቶችም ከፊሎቹን የሠሩት የግሪክ ነጋዴዎች ነበሩ። ለረዥም ዘመን በጦርነት ተከብባ ሳታድግ ከኖረች በኋላ፣ በጥር 9 ቀን 2005 የሰላሙ ስምምነት ሲፈረም በሩ ተከፈተ። ስደተኛው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የእርዳታ ድርጅቶችና የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች ገቡ፤ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከኡጋንዳና ከኬንያ ነጋዴው ጎረፈ። ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነጻ መንግሥት ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ሚኒስቴሮችና ኤምባሲዎች ቤት ፈላጊ ሆኑ። በወንዙ ዳር ያለው አሮጌው ከተማ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሊይዝ ስላልቻለ፣ ከተማው ወደ ሙኑኪ፣ ወደ ጉዴሌና ወደ ጀበል ተስፋፋ።

ይህ መስፋፋት ግን ሳያቋርጥ የቀጠለ አይደለም። በታኅሣሥ 2013 የተነሣው ጦርነት ገበያውን ሰበረው። በሐምሌ 2016 እንደገና ውጊያ በተነሣ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ከተጎዱት ሰፈሮች አንዱ ጀበል ነበር፤ የተቃዋሚው ወገን ጦር የሰፈረው በተራራው አጠገብ ስለ ነበረ ማለት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ግቢ አጠገብ ብዙ ሺህ ሰው ተጠልሎ ኖረ። ከውጭ የመጡት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው፣ አንዳንዶቹም ጥለውት ሄዱ። በመስከረም 2018 የታደሰው የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሰውም ገንዘብም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት ደግሞ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ደቡብ እንዲሻገር ስላደረገ፣ ከእነርሱም ጁባ የደረሱት ቤት ፈላጊ ሆነዋል። የጀበል ቤት ዋጋ የሰላሙን ወሬ ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ መሆኑን ገዥም ሻጭም ሊያስብበት ይገባል። በሽብር ወራት የሸጠ ሰው በርካሽ ይሸጣል፤ በዚያው ወራት የገዛም ብዙ ጊዜ የሸሸ ሰው ንብረት ይገዛል። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ከባድ ስለ ሆነ ወደ ኋላ በሰፊው ተጽፏል።

ሌላው የዋጋ ምክንያት ገንዘቡ ራሱ ነው። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በሐምሌ 2011 ሲወጣ አንድ ዶላር በሦስት ፓውንድ ግድም ይመነዘር ነበር። በታኅሣሥ 2015 የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር በአንድ ጊዜ ወደ 18 ፓውንድ ተኩል ወጣ። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ነዳጁን በሱዳን በኩል የሚያወጣው ቧንቧ ከተሰበረ ወዲህ ፓውንዱ በብርቱ ወድቆ፣ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ዶላር ከ3,000 ፓውንድ በላይ ሆነ። ይህ በቤት ውል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ አከራይ በ2011 ቤቱን 300 ዶላር በሚያወጣ ፓውንድ፣ ማለት በ900 ፓውንድ ግድም፣ ለአምስት ዓመት አከራይቶ ቢሆን ኖሮ፣ በአምስተኛው ዓመት የሚቀበለው ያው 900 ፓውንድ ከ50 ዶላር የሚያንስ ይሆን ነበር። ቤቱን በየጊዜው በሚከፈል ፓውንድ የሸጠ ሰውም እንዲሁ ቤቱን በከንቱ የሰጠ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በውሉ ላይ ክፍያው በየትኛው ገንዘብ እንደሚቆጠር፣ በፓውንድ የሚከፈል ከሆነም በየትኛው ቀንና በየትኛው ምንዛሬ እንደሚታሰብ በግልጽ መጻፍ አለበት። «እንደ ጊዜው ሁኔታ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ወገን ለጠብ የሚዳርግ እንጂ ውል አይባልም።

አሁን ስለ መብቱ። በ2011 የወጣው የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት መሬት ሁሉ የሕዝብ መሆኑን፣ አጠቃቀሙንም መንግሥት እንደሚቈጣጠር ይደነግጋል። ከዚያ በፊት በ2009 የወጣው የመሬት አዋጅ መሬቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ ይኸውም የመንግሥት፣ የማኅበረሰብና የግል ነው። በጁባ ዙሪያ የማኅበረሰብ መሬት የሚባለው በተለይ የባሪ ሕዝብ የአባቶች ርስት ነው። የዚህ መብት ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። በመስከረም 2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዋና ከተማውን ወደ ራምሲየል ለማዛወር ወስኖ ነበር፤ ለውሳኔው ምክንያት ከሆኑትም አንዱ አዲሱ መንግሥት በጁባ የሚበቃውን መሬት ለማግኘት አለመቻሉ ነው። መዛወሩ እስካሁን በሥራ ባይውልም፣ መንግሥት እንኳ በቀላሉ ያላገኘውን መሬት አንድ ደላላ በአንድ ቀን «ጨርሼልሃለሁ» ሲል ገዥው ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል።

በጀበልና በአካባቢው ሁለት ዓይነት ቦታ ይገኛል። የመጀመሪያው በመንግሥት መሐንዲሶች ተለክቶ፣ ቍጥር ተሰጥቶት፣ በመዝገብ የገባው ነው። ከሱዳን ዘመን በቈየው ልማድ ይህ ቦታ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደረጃ እየተባለ ይከፈላል፤ ደረጃውም የቦታውን ስፋት፣ ሊሠራበት የሚገባውን የቤት ዓይነትና የመንግሥቱን ክፍያ ይወስናል። ሁለተኛው ገና ያልተለካ፣ በአካባቢው የማኅበረሰብ አለቃ ፈቃድና ደብዳቤ ብቻ የተያዘ ነው። የአለቃው ደብዳቤ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በማኅበረሰብ መሬት ላይ አለቃው በሕግ የታወቀ ሥልጣን አለው። ነገር ግን ቦታው በኋላ ሲለካ መንገድ ሊያልፍበት፣ ሊቀነስ ወይም ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። በ2009 በጁባ ያለ ፈቃድ ተሠርተዋል የተባሉ ብዙ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ፣ በደብዳቤ ብቻ ወይም በቃል የያዙ ሰዎች የደረሰባቸውን ማስታወስ ይበቃል።

ገዥው ማድረግ የሚገባው ምርመራ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሻጩ የሚያሳየው ወረቀት የቱንም ያህል ማኅተም ቢበዛበት በእርሱ ብቻ መርካት አይገባም። የቦታውን ቍጥርና ብሎክ ጽፎ ወደ መሬት መዝገቡ ክፍል መሄድ፣ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ ቦታው በዕዳ መያዙን ወይም በክርክር ላይ መሆኑን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት መጠየቅ ያሻል። ይህ ወረቀት ከሱዳን ዘመን ጀምሮ በዐረብኛ «ሸሃደት ባሕስ» ሲባል የኖረው ነው። ከዚያም በማዕከላዊ ኤኳቶሪያ ክፍለ ሀገር የመሬት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያለው የልኬት ካርታ በምድሩ ላይ ከሚታየው ወሰን ጋር መተያየት አለበት። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የሚናገሩት ካልተስማማ ግዢው እስኪጣራ ይቈይ። አንድን ቦታ ለሁለትና ለሦስት ሰው መሸጥ በጁባ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ ሁሉም ገዥዎች ወረቀት ይኖራቸዋል፤ በመዝገቡ ላይ ግን አንድ ስም ብቻ ነው የሚገኘው። የመዝገቡን ምስክር ወረቀት ሻጩ ወይም ደላላው እንዲያመጣው ማድረግም አይጠቅምም፤ ገዥው ራሱ ወይም የታመነ ጠበቃው ያውጣው።

ወረቀቱ ከተጣራ በኋላ ጎረቤቱን መጠየቅ ይቀራል። ጎረቤት ከመዝገብ የማይገኘውን ያውቃል። በተለይም ከሐምሌ 2016 በፊት በዚያ ቤት ማን ይኖር እንደ ነበር መጠየቅ በጀበል የግድ ነው። በውጊያው ጊዜ ባለቤቱ ሸሽቶ ሌላ ሰው የገባበት ቤት አለ፤ የገባውም ሰው ለሌላ ያከራየው ወይም የሸጠው ይኖራል። ቤቱን ጥሎ መሸሽ መብትን መተው አይደለም። የ2009 የመሬት አዋጅ ከግንቦት 16 ቀን 1983 ጀምሮ በእርስ በርሱ ጦርነት ምክንያት ሳይወድ መሬቱን ላጣ ሰው የማስመለስ መብት ሰጥቶ ነበር፤ መንፈሱም ከዚህ የተለየ አይደለም። ባለቤቱ ከካምፕ ወይም ከኡጋንዳ ስደት ተመልሶ በሩን ሲያንኳኳ፣ ገንዘቡን ለሌላ የከፈለው ገዥ «በቅን ልቡና ነው የገዛሁት» ቢል ሸክሙ ከእርሱ አይወርድም። ዋጋው ከጎረቤቱ ቤት በግማሽ የሚያንስ ቤት ካጋጠመ፣ ምክንያቱን ከመዝገቡ ይልቅ ከጎረቤቱ ማግኘት ይቀላል።

ስለ ውጭ አገር ሰዎች፣ ይልቁንም በጁባ ስለሚነግዱት ኢትዮጵያውያን፣ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ከ2005 ወዲህ ሆቴል በመክፈት፣ ምግብ ቤትና ሱቅ በማቋቋም፣ ከዐባይ ውኃ ቀድቶ በቦቴ በማከፋፈል ሥራ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በከተማው የታወቁ ናቸው። በደቡብ ሱዳን ሕግ ግን የውጭ አገር ዜጋ መሬት በባለቤትነት ሊይዝ አይችልም፤ ሊከራይ ብቻ ነው የሚችለው። ኢትዮጵያ በ2025 ባወጣችው አዋጅ ቍጥር 1388 ለውጭ አገር ዜጎች የቤት ባለቤትነትን በቅድመ ሁኔታ ስለ ፈቀደች፣ ጎረቤት አገርም እንዲሁ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው። እንዲሁም በአዲስ አበባ የኖረ ተከራይ የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320/2016 የሚሰጠውን ጥበቃ ይዞ ወደ ጁባ እንደማይመጣ ሊያውቅ ይገባል፤ በጀበል የሚጠብቀው በመጀመሪያ ውሉ ነው።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ልማዶች ተፈጥረዋል። አንደኛው በወዳጅ ስም መግዛት ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ነጋዴ፣ ስሙ በመዝገብ የሚጻፈው ግን የአገሩ ተወላጅ ይሆናል። ሕግ የሚያውቀው በመዝገብ ያለውን ስም ነው። ወዳጁ ቢካድ ወይም ቢሞትና ወራሾቹ ቢመጡ፣ ሕጉን ለመሸሽ የተደረገውን ውል ይዞ ፍርድ ቤት መቆም አይቻልም። ይህን መንገድ መምከር የሚችል ሐቀኛ ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው ልማድ ሕጋዊና የተሻለ ነው፤ ቢሆንም ብዙ ገንዘብ የጠፋው በእርሱ ላይ ነው። ነጋዴው የተወላጁን ባዶ ቦታ ለተወሰኑ ዓመታት ይከራያል፤ በራሱ ገንዘብ ሆቴል ወይም መጋዘን ይሠራበታል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ሕንጻው ለባለ ቦታው ይቀራል። ሥራው ሲሰምር ባለ ቦታው ሊጸጸት፣ ኪራይ ሊጨምር ወይም ነጋዴውን ሊያስወጣ መፈለጉ ሰብኣዊ ጠባይ ነው። የተከራዩ መከላከያ ውሉ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈው ብቻ ነው። ዘመኑ ስንት እንደ ሆነ፣ ለሥራው የወጣው ገንዘብ በደረሰኝ ተቈጥሮ ከኪራዩ የሚታሰብ መሆኑን፣ ውሉ ከዘመኑ በፊት በባለ ቦታው ፈቃድ ቢፈርስ ለሕንጻው የሚከፈለው ካሳ በምን ዓይነት ልክ እንደሚቆጠር፣ ጦርነት ቢነሣና ተከራዩ ቢሸሽ ዘመኑ የሚቆም ወይም የሚቈጠር መሆኑን መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ከ2013ና ከ2016 በፊት በተጻፉት ውሎች ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የቀረ ነው። ከዚህም በላይ ባለ ቦታው ቢሸጥ ወይም ቢሞት ውሉ በገዥውና በወራሹ ላይ እንዲጸና፣ ኪራዩም በመዝገቡ እንዲገባ መጠየቅ ተገቢ ነው። ረዥም ኪራይ ሳይመዘገብ መሥራት፣ ግንብን በሰው ትከሻ ላይ እንደ ማቆም ነው።

የባለ ቦታው ወንድም ወይም የአጎት ልጅ «እኔ ወኪሉ ነኝ» ብሎ ሲቀርብም የውክልናውን ወረቀት በዓይን ማየት ይገባል። በባሪ ዘንድም ሆነ በሌሎቹ ነገዶች የቤተሰብ ርስት የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ ባለቤቱ ቢፈርም እንኳ ሚስቱና ወራሾቹ ሳይስማሙ የተደረገ ሽያጭ ክርክር ያስከትላል። የሽግግሩ ሕገ መንግሥት ሴቶች ንብረት የመያዝና ከሟች ባሎቻቸው ውርስ የመካፈል መብት እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል። ባልዋ የሞተባት ሴት በጓዳ ተቀምጣ፣ የባልዋ ወንድሞች በአደባባይ ሲዋዋሉ ካየ፣ ገዥው ገንዘቡን በኪሱ ይመልስ።

በጁባ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአገሩ ቤት ለመግዛት የሚያውለው ኢትዮጵያዊም ጥቂት አይደለም፤ ለእርሱም አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን በቍጥር 2877፣ እንዲህ ያለው ውልም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ፊት ወይም በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ በቍጥር 1723 ያዝዛል። በሁለት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ብቻ ይዞ ቤት ገዝቻለሁ ማለት አይቻልም። ውክልናውንም በሚመለከት፣ በቍጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል እንጂ «በሁሉ ነገር እንዲያስተዳድርልኝ» የሚለው ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ከጁባ የሚላክ ውክልና በኤምባሲው ተረጋግጦ፣ በአገር ቤትም በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሲረጋገጥ ይጸናል። ቀብድንም በተመለከተ ይኸው ሕግ የሰጠው ወገን ቢያፈርስ ቀብዱ እንዲቀርበት፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ያደርጋል፤ በጀበል ግን ይህ ደንብ በሕግ አለ ብሎ ከመታመን በውሉ ውስጥ በቃሉ ማስገባት ይሻላል።

ስለ ቦታው ምድርና ስለ ቤቱ አሠራር ጥቂት ቃል ይበቃል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው የዝናም ወራት «ኾር» የሚባሉት ደረቅ ፈፋዎች በድንገት ይሞላሉ፤ በበጋ የታየ ደረቅ ሜዳ በክረምት የውኃ መንገድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቦታን በዝናም ማግስት ሄዶ ማየት ከአንድ መሐንዲስ ምክር ያላነሰ ይጠቅማል። በተራራው ግርጌ ድንጋዩ ቅርብ ስለ ሆነ መሠረቱ ይጠነክራል፤ የመጸዳጃ ጕድጓድ ማስቈፈሩ ግን ወጪ አለው። አብዛኛው ጁባ የቧንቧ ውኃ ስለማይደርሰው፣ ከወንዙ የራቀው የጀበል ነዋሪ ውኃውን ከቦቴ ይገዛል፤ ቦቴው የማይገባበት ጠባብ መንገድ ያለው ቤት ኪራዩ ቢረክስም ውኃው ይወደዳል። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኤሌክትሪክ መስመር የደረሰበት ቤት ከጄኔሬተር ወጪ ተገላግሏል፤ «መስመሩ ሊመጣ ነው» ለሚባልበት ቤት ግን እንደ መጣ አድርጎ ዋጋ መክፈል አይገባም። ሲሚንቶውና ብረቱ በኒሙሌ መንገድ ከኡጋንዳ በኩል የሚገባ ስለ ሆነ፣ መንገዱ በተዘጋ ሳምንት የሥራ ውል መፈረምም አይመከርም።

ሻጩም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቤቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ሰነዱን ያድስ፤ የመንግሥቱን ውዝፍ ክፍያ ይክፈል፤ የሟች አባቱ ስም በመዝገብ ላይ ካለም ውርሱን በፍርድ ቤት አስወስኖ ወደ ራሱ ስም ያዛውር። ይህን ያደረገ ሻጭ የደከመበትን በዋጋው ያገኘዋል። ለብዙ ደላሎች ቤቱን መስጠት ዋጋውን ከፍ ያደርግ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድን ቤት አምስት ሰው በአምስት ዋጋ ሲያዞረው ገዥው ይጠራጠራል። የሰነዱን ቅጂ ለማያውቁት ሰው መስጠት ደግሞ ለሐሰተኛ ሻጭ መሣሪያ ማቀበል ስለ ሆነ፣ በቅጂው ላይ የሰጡበትን ቀንና ምክንያት መጻፍ መልካም ነው። ገንዘብ በባንክ በኩል ቢቀበሉ ማስረጃ ይሆናል፤ በጥሬው ከሆነ ግን በጠበቃ ቢሮ፣ በምስክሮች ፊት ተቈጥሮ፣ የወረቀት ገንዘቡ ሐሰተኛ አለመሆኑ ታይቶ ይሁን። ሙሉው ዋጋ ሳይከፈል የስም ማዛወሪያውን መፈረም፣ ስሙ ሳይዛወርም ሙሉውን ዋጋ መክፈል ሁለቱም የሚያስጸጽት ነው፤ መጨረሻው ክፍያና ፊርማ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ይሁን።

የሰፈር ሹማምንትና የማኅበረሰብ አለቆች በዚህ ረገድ የሚረዱት ብዙ ነው። የሰጡትን የቦታ ደብዳቤ ሁሉ ቅጂውን በመዝገብ ቢይዙ፣ በእያንዳንዱም ላይ የቀዳሚውን ባለ ይዞታ ስም፣ የአዋሳኞቹን ስምና የቦታውን ርዝመትና ስፋት ቢጽፉ፣ አንድ ቦታ ለሁለት ሰው የመሰጠቱ ነገር በእጅጉ ይቀንሳል። በ2016 ጥለው የሸሹ ባለቤቶች ተመልሰው ሲያመለክቱም፣ ቤቱ በክርክር ላይ መሆኑን በዚያው መዝገብ ማስፈርና ክርክሩ እስኪያልቅ ለሽያጭ ደብዳቤ አለመስጠት ከአለቃው ሥልጣን አያልፍም። በወሰኑ ማዕዘኖች ለሚተከሉት ድንጋዮች ደግሞ ጀበል ምንም አያንሰውም፤ አራቱ ጎረቤቶች በተገኙበት ተተክለው ቍጥራቸው በደብዳቤው ጀርባ ይጻፍ።